የተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ሞተር መደበኛ እንክብካቤ

መብራት በሚቆራረጥባቸው ከተሞች ለሱቅ፣ ለጸጉር ቤትና ለመድኃኒት ቤት መጠባበቂያ ኃይል የሚሰጠው ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ብዙ ጊዜ ከጥቅም ውጭ የሚሆነው ዘይቱ ሳይለወጥ ስለቆየ ወይም አሮጌ ቤንዚን እንደያዘ ለወራት ስለተቀመጠ ነው። ሁለቱንም ባለቤቱ ራሱ፣ ያለ ባለሙያ እገዛ፣ ሊከላከላቸው ይችላል።

ከ2 እስከ 3 ኪሎ ዋት የሚያመነጩት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች የሚይዙት ዘይት ከግማሽ ሊትር ብዙም አይበልጥም። አብዛኞቹም እንደ መኪና የዘይት ፊልትሮ የላቸውም። በመሆኑም ከብረት መፋተግ የሚወጣው ብናኝና የቃጠሎው ጥላሸት በዚያችው ጥቂት ዘይት ውስጥ ይከማቻል። በብዙ አምራቾች መመሪያ መሠረት የአዲስ ሞተር ዘይት ከመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ገደማ ሥራ በኋላ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፣ ቀድሞ በደረሰው ጊዜ ይለወጣል። መቶ ሰዓት ሩቅ ይመስላል፤ ሆኖም በቀን 5 ሰዓት የሚሠራ ጄኔሬተር በ20 ቀን ይደርስበታል። አሮጌው ዘይት የሚወርደው ሞተሩ ሞቅ ብሎ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞ የሚወጣው ያኔ ነውና። ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋው መሣሪያ መጠኑን እንጂ ንጽሕናውን አይለይም።

የአየር ማጣሪያው በየ50 ሰዓቱ፣ አቧራ በበዛበት ሥፍራ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጸዳል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙናና በሞቀ ውኃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ የሞተር ዘይት ነክቶት ይጨመቃል፤ ወረቀት ከሆነ ግን አይታጠብም። ማጣሪያውን አውጥቶ ማሠራት ሞተሩን አቧራ ማብላት ነው።

ለደጋው አገር ሰው ልዩ ትኩረት የሚሻው የከፍታ ጉዳይ ነው። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3.5 ከመቶ ገደማ ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ 3 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ጄኔሬተር እዚያ ከ2.2 ብዙም አያልፍም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በሳሳው አየር ውስጥ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላውም በደረቅ ጥላሸት ይጠቁራል። ካንዴላ መለወጥ ብቻውን ችግሩን አይፈታም፤ በካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ማለፊያ ጠበብ ባለ ቀዳዳ መተካት አለበት። እንዲህ የተስተካከለ ሞተር ተመልሶ ወደ አፋር ቢወርድ ግን ቤንዚን ያንሰውና ከልክ በላይ ይግላል። የካንዴላው ክፍተት በአብዛኛው ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

ከአሜሪካ ለቤተሰብ የሚላክ ጄኔሬተር ሌላም ጣጣ አለው። ለ60 ኸርትዝ የተሠራው ማሽን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይዞራል፤ ለኢትዮጵያው 50 ኸርትዝ የሚያስፈልገው 3,000 ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ብሎን እያላሉ ማስተካከል ቮልቴጁን ያዛባል፣ ማቀዝቀዣና መሰል ዕቃዎችንም ይጎዳል።

ማንኛውም ጥገና ሞተሩ ጠፍቶና የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ ይከናወናል። የማርሚታው ብሎኖች መላላታቸውም ይታያል። በደንብ የተጠገነ ሞተርም ቢሆን ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ቴክሳስ በብርድ ማዕበል መብራት ባጣችበት ጊዜ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል። ስለዚህ ጄኔሬተር በረንዳና ጋራዥን ጨምሮ በቤት ውስጥ አይነሣም፤ ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ይርቃል።

ከአንድ ወር በላይ ለማይሠራ ጄኔሬተር የቤንዚን መዝጊያው ይዘጋና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ይሠራል፤ በካርቡራቶሩ ሥር የቀረውም ይወርዳል። በአሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 ከመቶ ኤታኖል ስላለበት እርጥበት ይስባል፤ ለዚያ አገር ነዋሪ ታንኩንም ባዶ ማድረግ ይመረጣል።