የማንኩሳው ስለት

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ መንገደኛ በማንኩሳ ያልፋል። ግራና ቀኙ የእርሻ አገር ነው፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ በርበሬ፤ የአድባራቱ ዛፎች ከማሳው መካከል ከሩቅ ይታያሉ። ለነጋዴው ማንኩሳ የገበያ ቦታ፣ ለሹፌሩ የመንገድ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ ግን የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምርበት አገር ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ትዳር የመሠረቱት፣ በዛብህም የተወለደው እዚሁ ነው።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል። በተለይ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት የባላባታዊውን ሥርዓት ገመና ያጋለጠ፣ የጭቁኑን ገበሬ እሮሮ ያሰማ ድርሰት ሆኖ ተነቧል። ይህ ንባብ ጎደሎ ነው እንጂ ስሕተት የለበትም። የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት የምናየው በምን ዐይን ነው? ደራሲው ሥርዓቱን የመዘኑበት ሚዛንስ ከወዴት የመጣ ነው? ሚዛኑ ከውጭ አገር የተገዛ እንዳልሆነ፣ ሥርዓቱ ራሱ ተደግፎበት ከነበረው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጣ መሆኑን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ፣ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው ካህን ነበሩ። ልጁም እንደ ዘመኑ ልማድ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቶ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ ተማረ። ኋላ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊውን ትምህርት ቀስመዋል፤ በዳንግላ ጉምሩክ ሠርተዋል፤ አስተምረዋል፤ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው ሰባት ዓመት ያህል በኢጣሊያ ታስረዋል፤ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። ይህ ሁሉ አስተዋይ ዲፕሎማት ያደርግ ይሆናል። የልብ ወለድ ደራሲነታቸው ሥር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል።

የቅኔ ቤትን ኑሮ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየመንደሩ በእመቤታችን ስም እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ዕለት ጉርሱን ያገኛል። ከዚያ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። በሁለት ቤት ከሚቋጨው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ እያለ ወደ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩም ያርማል። ትላንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ለእግዚአብሔር የሚቀርበው ምስጋና በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበት፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ ያፍራል። የድርሰትን የመጀመሪያ ሕግ እዚህ የተማረ ሰው ከሌላ ቦታ ሊማረው አያስፈልገውም። በላዩ ላይ ሰሙን ዘርግቶ ወርቁን ከሥር የመቅበር ጥበብ አለ። የጎጃም ገበሬ ሳይቀር በዚህ ጥበብ መወያየትን ያውቅበታል።

እምነት የአማርኛ ልብ ወለድን መምራት የጀመረው በሐዲስ ዘመን አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ የክርስቲያን ቤተሰብ መከራ ታሪክ ነው፤ የሚደመደመውም ክርስቲያን ባልነበረው ንጉሥ መጠመቅ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ «ወዳጄ ልቤ» በመንፈሳዊ ጉዞ ምሳሌ ላይ የቆመ ነው። በእነዚህ ድርሰቶች እምነት መልስ ነው፤ ገጸ ባሕርዩ ወደ መልሱ ይጓዛል፤ ሲደርስም ታሪኩ ያበቃል። በማንኩሳ ግን እምነት ጥያቄ ሆነ።

ጥያቄውን ያመጣው ስለት ነው። ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» ተብላ የተፈራች ሴት ናት። ከቦጋለ ጋር ዘግይታ ያገኘችው ልጅ በሕመም ሲንገላታባቸው ወላጆቹ ቢተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት፣ ትዳር ሳያውቅ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እንዲኖር ተሳሉ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ለታቦት ያልተሳለ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ሙክት፣ ጧፍ ይሳላል። ስለት ያልከፈለ ሰው እንቅልፍ የለውም። ደራሲው አንባቢው ሁሉ የሚያውቀውን ይህን ልማድ አንሥተው ጥቂት ገፉት፤ የተሳሉትን ነገር ሰው አደረጉት። ሰውየውም አድጎ በዲማ መምህር ሆነ፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ግቢያቸው ገባ፤ ወደዳት።

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ነገር ሁለት ፊት አለው። ሐና ሳሙኤልን ገና ሳይፀነስ ተስላ ሰጠችው፤ ስለቱም በረከት ሆነ። ዮፍታሔ ያለ ማስተዋል ተስሎ ልጁን አጣ። ውድነሽና ቦጋለ ሲሳሉ እንደ ሐና ነበሩ፤ የልጃቸው ኑሮ ወደ ዮፍታሔ ልጅ ዕጣ መጠጋቱን ሊያውቁ አይችሉም። የመጽሐፉ ኀዘን ከዚህ ይመነጫል። በዛብህ ከአንድ ወገን በዘር በሚኮራ ባላባት ታግዷል፤ ከሌላ ወገን ከፍቅር በተወለደ ቃል ታስሯል። ባላባቱን መጥላት ቀላል ነው። የእናትን ስለት ግን ማን ይጠላዋል? ባላባቱን ብቻ የሚያይ ንባብ ይህን ሁለተኛውን እስራት ይዘለዋል።

በሌላው ዓለም ሥነ ጽሑፍም ይህ ቋጠሮ አለ። በኢጣሊያዊው ማንዞኒ «እጮኛሞቹ» ሉቺያ በተያዘችበት ሌሊት ድንግል ሆና ልትኖር ለእመቤታችን ትሳላለች፤ በመጨረሻ መነኩሴው አባ ክሪስቶፎሮ አስቀድማ ለሌላ ቃል የገባችውን ነገር መሳል እንደማትችል አስረድተው ይፈቷታል፤ ትዳሯንም ትይዛለች። በዶስቶየቭስኪ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» አባ ዞሲማ ወጣቱን አልዮሻን ከገዳም ወጥቶ በዓለም እንዲኖር ያዙታል። ማንዞኒና ዶስቶየቭስኪ ለገጸ ባሕርያቸው በሥልጣን የሚያሰናብት አባት ሰጡ። በዛብህን የሰበሰበችው ዲማ ሊቃውንት የሞሉባት ናት፤ እርሱ ግን ከስለቱ ጋር የሚታገለው በራሱ ኅሊና ነው። ሐዲስ ኃይለኛ የሚሆኑት በዚህ ዝምታ ነው።

የሚናገረው ጉዱ ካሣ ነው። ካሣ ዳምጤ የተማረ ሰው ነው፤ የባላባቱ ቤት ዘመድ ሆኖ ሳለ አገሩ ሁሉ እብድ ይለዋል። ኅብረተሰቡን በድንጋይ ካብ መስሎ፣ ከሥር ያለው ድንጋይ ሁሉን ተሸክሞ እንደሚኖርና እርሱ የተናወጠ ዕለት ከላይ ያለው እንደሚናድ ያስረዳል። በዚህ ንግግር ውስጥ የመደብ ትግልን ትምህርት ያገኙ አሉ፤ አላጡትም። ነገር ግን በአሸዋ ላይ ስለ ተሠራው ቤት የሚናገረውን የወንጌል ምሳሌ ሲሰማ ያደገ ጆሮም የራሱን ያገኛል። ካሣ ካህናቱን ሲነቅፍ የሚነቅፋቸው እምነት አላቸው ብሎ ሳይሆን ያመኑትን አልኖሩትም ብሎ ነው። ንግግሩ አንዳንድ ቦታ መርዘሙና ከጨዋታ ወደ ስብከት መንሸራተቱ እውነት ነው፤ ይህም ጉድለት ቢሆን ከዚያው ከዐውደ ምሕረት የተወረሰ ጉድለት ነው።

ከዚሁ ምድር የወጣው ሌላው ደራሲ፣ በአቸፈር የተወለደውና ቅኔ የተማረው አቤ ጉበኛ፣ «አልወለድም»ን ሲጽፍ ቁጣውን ሳይጋርድ አወጣው። ሐዲስ ቁጣቸውን በሰም ሸፈኑት፤ ወርቁም ሰብለ ወንጌል ላይ ያርፋል።

ስሟ የወንጌል መከር ማለት ነው። ከአባቷ ግቢ ስትወጣ መነኩሴ መስላ፣ ቆብ ደፍታ፣ በዛብህን ፍለጋ ትሄዳለች። ቆቡ መሸሸጊያ ነው፤ ፍቅሯን ከሰው ዐይን የደበቀችበት ጨርቅ ነው። በዛብህን ስታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ግን ቆቡን የደፋችው የእውነት መነኩሲት ሆና ነው። ወላጆቹ ለበዛብህ የተሳሉለትን ኑሮ፣ እርሱ ያልኖረውን፣ ማንም ያልተሳለላት ሴት በፈቃዷ ኖረችው። ሰሙ የለበሰችው ቆብ ነበር፤ ወርቁም ያው ቆብ ሆነ። የቅኔ መምህር ቢሰማው የሚያርመው ነገር አያገኝበትም። ታሪኩ የተጀመረባት ማንኩሳ በስሟ ከምንኩስና ጋር መግጠሟ የቃል ግጥምጥሞሽ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ለቅኔ ሰው ጆሮ ግን አይሰወርም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚያ በኋላ በ1974 ዓ.ም. «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ በ1980 ዓ.ም. «የልምዣት»ን ጻፉ፤ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ ሁሉ ሰማው። ስለትን ከማንም መዝገበ ቃላት ሳይጠይቅ የሚያውቀው አድማጭ ይኸው ሕዝብ ነበር።