የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን ትክክለኛነት

የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን ትክክለኛነት ማለት ከፕላስቲክ ክፍሎች ተገጣጥሞ የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን በቅርጽ፣ በመጠን፣ በዝርዝር ክፍሎችና በቀለም እውነተኛውን አውሮፕላን የሚመስልበት ደረጃ ነው። በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የክፍሎች ስብስብ ኪት ይባላል። ብዙ ሰዎች ኪቱን እንዳለ ይገጣጥማሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከእውነተኛው አውሮፕላን ጋር እያስተያዩ የፋብሪካውን ስህተት ያርማሉ። በተለይ የተዋጊ አውሮፕላን ኪቶች በዚህ መንገድ ይታረማሉ። ከዚህ በታች የአሜሪካው ፒ-51ዲ ሙስታንግ ዋና ምሳሌ ሆኖ ቀርቧል።

የትክክለኛነት ጥቅም

ሞዴል አውሮፕላን ሁልጊዜ መጫወቻ ወይም ጌጥ ብቻ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብራሪዎችና የፀረ-አውሮፕላን ተኳሾች የወገንንና የጠላትን አውሮፕላን ለይተው እንዲያውቁ በሞዴል ይሠለጥኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ተማሪዎች ለዚህ ሥልጠና የሚውሉ ሞዴሎችን ከእንጨት እንዲሠሩ ጥሪ አድርጓል። ሞዴሎቹ በ1/72 መጠን ተሠርተው ጥቁር ቀለም ይቀቡ ስለነበር ሠልጣኙ አውሮፕላኑን የሚለየው በቅርጹ ብቻ ነበር። ቅርጹ ከተሳሳተ ወገን በወገን ላይ ሊተኩስ ይችላል።

ዛሬ ብዙዎቹ የጦርነቱ አውሮፕላኖች ተቆራርጠው ጠፍተዋል። ስለዚህ በጥንቃቄ የተሠራ ሞዴል አንድ አውሮፕላን በአንድ ወቅት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ የታሪክ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የተሳሳተ ሞዴል ደግሞ ስህተቱን ለሚቀጥለው ሰው ያስተላልፋል።

የስህተት ምንጮች

ኪት ውስጥ ስህተት የሚገባው በሦስት ዋና መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው የተሳሳተ መነሻ ነው። ንድፍ አውጪው ከፎቶ የተሳለ ሥዕል ወይም የሌላ ኩባንያ ኪት ሊከተል ይችላል። የእንግሊዙ ኤርፊክስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው የመጀመሪያ የአውሮፕላን ኪቱ ስፒትፋየር ሲሆን፣ የአሜሪካው አውሮራ ኩባንያ ኪት በመጠን ተቀንሶ የተቀዳ ነበር። እንዲህ ባለ አሠራር የመጀመሪያው ኪት ስህተት ወደ ሁለተኛው ይተላለፋል።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ጠባይ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እንዲሞላና ሳይሰበር እንዲወጣ የተወሰነ ውፍረት ያስፈልገዋል። በ1/72 ሞዴል ላይ 1 ሚሊሜትር የሚወፍር የክንፍ የኋላ ጠርዝ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 72 ሚሊሜትር ይሆናል፤ እውነተኛው ጠርዝ ግን ስስ ነው።

ሦስተኛው ወጪ ነው። ኩባንያዎች አንዱን ቅርጽ ማውጫ ለብዙ የአውሮፕላን ዓይነቶች ስለሚጠቀሙበት፣ በካርቶኑ ላይ የተሳለው ዓይነት ከውስጥ ካሉት ክፍሎች ጋር ላይስማማ ይችላል።

መለካት

የሞዴሉ ትክክለኛ መጠን የሚገኘው የእውነተኛው አውሮፕላን ልክ በሚሊሜትር ለስኬሉ (ለመጠን ምጥጥኑ) ሲካፈል ነው። የፒ-51ዲ የክንፍ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.28 ሜትር፣ የአካሉ ርዝመት 9.83 ሜትር ነው። ስለዚህ የሞዴሉ ልክ እንደሚከተለው ይሆናል፦

በ1/72፦ ክንፍ 156.7 ሚሊሜትር፣ ርዝመት 136.5 ሚሊሜትር
በ1/48፦ ክንፍ 235 ሚሊሜትር፣ ርዝመት 204.8 ሚሊሜትር
በ1/32፦ ክንፍ 352.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመት 307.2 ሚሊሜትር

አጠቃላይ ልኩ ትክክል መሆኑ ብቻውን በቂ አይደለም። አፍንጫው አጥሮ ጭራው ቢረዝም ድምሩ ያው ነው። ስለዚህ የታወቁ ልኮች በየክፍሉ ይመረመራሉ። ለምሳሌ የፒ-51ዲ ፕሮፔለር ዲያሜትር 3.40 ሜትር ስለሆነ በ1/48 ወደ 71 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ልኩ ምንን እንደሚጨምርም መታወቅ ይኖርበታል። የኤፍ-5ኢ የክንፍ ርዝመት 8.13 ሜትር ሲሆን በክንፉ ጫፎች ሚሳይል ሲታጠቅ 8.53 ሜትር ይደርሳል። በ1/48 ልዩነቱ ከ8 ሚሊሜትር ይበልጣል።

ፎቶ ለመለኪያ ሲያገለግል ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ለካሜራው የቀረበው ክፍል ከእውነቱ ገዝፎ፣ የራቀው አንሶ ይታያል። ከሩቅ፣ ከጎን በኩል የተነሳ ፎቶ ከቅርብ ከተነሳው ይሻላል።

አንድን አውሮፕላን መለየት

የአንድ ዓይነት አውሮፕላኖች ሁሉ አንድ አይደሉም። ቀደምቶቹ ፒ-51ዲዎች በጭራቸው ፊት የሚገኘው ተጨማሪ ክንፊት አልነበራቸውም፤ በኋላ ከፋብሪካ የወጡት ግን ነበራቸው፤ ለአንዳንዶቹም በኋላ ተገጥሞላቸዋል። በካሊፎርኒያ ኢንግልዉድ እና በቴክሳስ ዳላስ የተመረቱት አውሮፕላኖች የአብራሪው መስታወት ሽፋን ቅርጽም ይለያያል። ስለዚህ ሠሪው ከመጀመሩ በፊት የሚሠራው የትኛውን አውሮፕላን፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ይወስናል። በጭራው ላይ የተጻፈው መለያ ቁጥር ለዚህ ይረዳል።

ተመሳሳይ ጉዳይ በኢትዮጵያ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ላይም አለ። አየር ኃይሉ ኤፍ-5ኤ እና ኤፍ-5ኢ ሁለቱንም ተጠቅሟል። እ.ኤ.አ. በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ከሶማሊያ ሚግ-21 አውሮፕላኖች ጋር የተዋጋው ኤፍ-5ኢ ነው። የኤፍ-5ኤ ክንፍ 7.70 ሜትር ስለሆነ፣ በኤፍ-5ኤ ኪት ላይ የኢትዮጵያን ምልክት ለጥፎ የ1977ቱን ተዋጊ መሥራት አይቻልም። በ1/48 የክንፉ ልዩነት ወደ 9 ሚሊሜትር ነው፤ የኤፍ-5ኢ አካልም ሰፋ ያለ ነው።

ታድሰው ዛሬ የሚበሩ አውሮፕላኖች ጥሩ ማስረጃ ቢመስሉም ሊያሳስቱ ይችላሉ። ብዙ ሙስታንጎች በአብራሪው ጀርባ የነበረው የነዳጅ ታንክ ወጥቶ የተሳፋሪ ወንበር ገብቶላቸዋል፤ የሬዲዮ መሣሪያቸውም ዘመናዊ ነው። ለጦርነቱ ዘመን ሞዴል የዘመኑ ፎቶ ይቀድማል።

በፒ-51ዲ ላይ የተለመዱ እርማቶች

የጎማ መግቢያ። በእውነተኛው አውሮፕላን የጎማው መግቢያ ወደ ኋላ እስከ ክንፉ ዋና ወጋግራ ይዘልቃል። በብዙ ኪቶች ግን የኋላው ግድግዳ የቀዳዳውን ጠርዝ ተከትሎ ቀድሞ ይቆማል። ለማረም ግድግዳው ተቆርጦ ይወጣና ከስስ የፕላስቲክ ሉህ አዲስ ወጋግራ ይሠራል።

የክንፍ ገጽ። የሙስታንግ ክንፍ አየር በላዩ ሳይረበሽ እንዲያልፍ ታስቦ ስለተሠራ፣ በፋብሪካው ውስጥ የቆርቆሮ መገጣጠሚያዎቹና የሪቬት ራሶቹ በስቱኮ ተሞልተው፣ ተሞርደው፣ በብርማ ቀለም ይቀቡ ነበር። ኪቶች ግን ክንፉን በመስመርና በነጥብ ይሞሉታል። በ1/48 ላይ 0.2 ሚሊሜትር የሚሰፋ መስመር በእውነተኛው ላይ ወደ 1 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ነው። ስለዚህ ሠሪው መስመሮቹን ሞልቶ ያለሰልሳል፤ የመትረየስ ክፍል ክዳኖችና የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች መስመር ብቻ ይቀራል።

የቆመ አውሮፕላን ሁኔታ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የሃይድሮሊክ ግፊቱ ስለሚቀንስ የውስጠኛው የጎማ መግቢያ በሮችና የክንፉ የኋላ መታጠፊያዎች (ፍላፕ) ወደ ታች ይወርዳሉ። በሮቹ ተዘግተው የሚሠሩበት ሞዴል ስህተት ነው ማለት ግን አይቻልም፤ አውሮፕላኑ ከቆመ ጥቂት ጊዜ ብቻ ከሆነው ገና ላይወርዱ ይችላሉ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

እርማት ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል። መጀመሪያ ክፍሎቹ ያለማጣበቂያ ተገጥመው ይለካሉ። ቀጥሎ የአካሉና የክንፉ ቅርጽ ይታረማል፤ የጎደለው በፕላስቲክ ሉህና በስቱኮ ይሞላል፣ የተረፈው በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይነሳል። ከዚያ ስስ ግራጫ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ በዓይን የማይታይ ጭረትና ጉድጓድ ያወጣል። ኮክፒት፣ ጎማና መሣሪያ የመሳሰሉት ዝርዝሮች የሚከተሉት ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ለእነዚህ ከሬዚን የተሠሩ ወይም በአሲድ ከስስ ብረት የተቀረጹ ምትክ ክፍሎች ለብቻቸው ይሸጣሉ።

አንዱ እርማት ሌላ ስህተት ሊያመጣ ይችላል። ክንፉ ሲሰፋ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይዛባል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ እንደገና ይለካል።

ቀለምና ምልክት

እ.ኤ.አ. ሰኔ 1944 ከኖርማንዲ ወረራ ቀደም ብሎ የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች በክንፋቸውና በአካላቸው ላይ ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር መስመሮች ተቀቡ። ባለ አንድ ሞተር ተዋጊ ላይ የእያንዳንዱ ስፋት 18 ኢንች (457 ሚሊሜትር) ነበር፤ ይህ በ1/48 9.5፣ በ1/72 6.3 ሚሊሜትር ይሆናል። በቀጣዮቹ ወራት ከላይኛው ክፍል ስለተነሱ፣ ሙሉ መስመር ያለው ሞዴል የሚወክለው ጥቂት ሳምንታትን ነው። በብዙ አውሮፕላኖች ላይ መስመሮቹ በችኮላ በብሩሽ የተቀቡ በመሆናቸው ጠርዛቸው ቀጥ ያለ አልነበረም።

ጥንቃቄ

የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ በውሃ እያረጠቡ መሞረድና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ያስፈልጋል። የፕላስቲክ ማጣበቂያና የቀለም ማቅጠኛ ትነት አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ካልሆነ ራስ ያዞራል፤ በቀላሉም እሳት ይይዛል።