ስግደት፣ ማኅሌትና የአረጋውያን አእምሮ በነፋስ ስልክ ላፍቶ

ዛሬ ነፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ ላፍቶና ጀሞ፣ ለቡና የመካኒሳ ዳርቻ ገና የእርሻና የግጦሽ መሬት በነበሩበት ዘመን፣ ሽማግሌውም ባልቴቲቱም ወደ ደብር፣ ወደ ለቅሶ ቤትና ወደ ገበያ የሚሄዱት በእግራቸው ነበረ፤ እርጅና ከሥራ ቢያሳርፍ እንኳ ከመንገድ አያሳርፍም ነበርና።

ከዚህ ጉዞ ይልቅ ሥጋን የሚያደክመው ግን፣ የሰፈር ታሪክ ጸሓፊዎች እምብዛም ያልተመለከቱት፣ የስግደት ሥርዓት ነው። በዐቢይ ጾም፣ ይልቁንም በሰሙነ ሕማማት፣ አረጋዊቱ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ካማተበች በኋላ ጉልበቷን አጥፋ፣ መዳፏን ምድር አስነክታ፣ ግንባሯን ደፍታ ትሰግዳለች፤ ዳግመኛም በእጇ ተመርኩዛ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ይህም ኪርያላይሶን 41 ጊዜ እስኪፈጸም ይመላለሳል። በዕለተ ስቅለት ማምሻ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዋን ጠብጥቦ ሌላ ስግደት ይጨምርላታል። በዓለ ሃምሳ ሲገባ ደግሞ ስግደቱ ይቆማል፤ ሥርዓቱ ለድካም ብቻ ሳይሆን ለዕረፍትም ጊዜ ወስኖለታል።

ማኅሌቱም እንዲሁ ነው። ታኅሣሥ 19 ሊነጋ በብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን የሚቆሙት መሪጌቶችና ደባትር፣ መቋሚያውን በዝማሜ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዘነበሉ፣ ጸናጽሉን እየጸነጸሉ፣ ብዙ ዓመት የደከሙበትን ዜማ በቃል ያደርሳሉ። አቋቋም የሚባለው ትምህርት ቃልን ከእጅና ከእግር እንቅስቃሴ ጋር አዋሕዶ በኅሊና የሚያትም ስለ ሆነ፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከአባቶቻችን ጥበብ ሁሉ ሥጋንና ዝክረ ነገርን እንደ እርሱ ያስተሳሰረ የለም።

ይህን ልማድ በአዲስ ዐይን እንድንመለከተው ያደረገን የዘመኑ የሕክምና ምርምር ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. የገለጸው የመርሳት በሽታ መድኃኒት ሲፈለግለት ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በሐርቫርድ የብሩስ ስፒገልማን ጓዶች፣ ጡንቻ ሲሠራ ወደ ደም የሚለቀውን ንጥረ ነገር አግኝተው፣ በግሪኮች አፈ ታሪክ የአማልክት መልእክተኛ በነበረችው በአይሪስ ስም አይሪሲን አሉት። ሰፈራችን «ነፋስ ስልክ» የሚለውን ስሙን ያገኘበት ገመድ አልባ ጣቢያ ቃልን በአየር ይልክ እንደ ነበረ፣ ጡንቻም በደም በኩል ለአንጎል መልእክት ይልካል ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በፈርናንዳ ደ ፌሊስና በሰርጂዮ ፌሬይራ የሚመሩት የሪዮ ዴ ጃኔይሮ ተመራማሪዎች፣ በአልዛይመር ሕሙማን አንጎል ውስጥ አይሪሲን አንሶ ማግኘታቸውን፣ የታመሙ አይጦችም ዋና ሲለማመዱ ትውስታቸው መሻሻሉን፣ አይሪሲኑ ሲታገድ ግን ጥቅሙ መክሸፉን አስታወቁ።

ይሁን እንጂ የአይጥ ነገር የሰው ነገር አይደለም፤ አይሪሲንም እስከ ዛሬ ለሰው መድኃኒት ሆኖ አልቀረበም። አባቶችም ስግደትን የሠሩት ለንስሓና ለአምልኮ እንጂ ለጡንቻ አይደለምና፣ ጸሎታቸውን ወደ ስፖርት ማውረድ ነውር ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴ ማጣት የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ሐኪሞች ተስማምተውበታልና፣ በልማዱ መዳከም የሚደርሰው ጉዳት ቀላል ነው ለማለት አልደፍርም።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በጀሞ ሜዳ ላይ አሳንሰር የሌላቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተርታ ቆመዋል፤ ልጆቿ አራተኛ ፎቅ ላይ ያኖሯት እናት ደረጃውን ስለምትፈራው ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ትከታተላለች፤ ጎረቤትም ደግፎ የሚያወርዳት በዓመት በዓል ብቻ ነው። የቀድሞውን መንገድና ሥርዓት የሚያውቁት እነዚሁ አረጋውያን፣ መርሳት በሚያሰጋበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋልና፣ የየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይዘው፣ በየትኛው መንገድ ይሄዱ እንደ ነበረ፣ ስንት ይሰግዱ እንደ ነበረ፣ ዝማሜውንም ከማን እንደ ተማሩ ከአፋቸው ሊጽፉ ይገባቸዋል።