የጓሳ ምድር ታሪክና የአባቶች ደንብ

በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ጓሳ ጥብቅ ምድር ታሪክ ባጭሩ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ጓሳ የመንዝ ጌራ ምድር ነው፤ እኛ ግሼዎች ጎረቤት ነን። ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያንን ሣር፣ ያንን ጅባራና ጭላዳውን ያውቀዋል። ነገር ግን ልጆቻችን «ይህን ሁሉ ዘመን ማን ጠበቀው?» ብለው ሲጠይቁ አስተካክሎ የሚመልስላቸው ሰው እያነሰ ሄዷል።

በዓለም ላይ የአራዊት መጠጊያ የሆነ መሬት ሁሉ መጀመሪያ ለአራዊት ተብሎ የተከለለ አይደለም። በጀርመን አገር ሃይኒክ የሚባለው ጫካ ከፊሉ የጦር ሠራዊት መለማመጃ ስለነበረ ለብዙ ዓመታት ገበሬም እንጨት ቆራጭም አይደርስበትም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። በፖርቶ ሪኮ አጠገብ ባለችው በቪየከስ ደሴትም የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ቦምብና መድፍ ሲለማመድባት ኖሮ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ ቢቃወመው በ1995 ዓ.ም. ለቅቆ ወጣ፤ መሬቱም የአራዊት መጠበቂያ ሆነ። ታዲያ ያልፈነዳ ቦምብ ስለቀረበት ብዙው ቦታ ለሰው እግር ዝግ ሆኖ ቆየ። እንግዲህ በሁለቱም አገር መሬቱን ያሳረፈው ጠመንጃ ነው ማለት ነው።

የእኛን ጓሳ ግን ወታደር አልጠበቀውም። የጠበቀው የገበሬ ስምምነት ነው። ምድሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ደጋ ነው። ከ400 ዓመት ገደማ በፊት አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ መሬቱን ይዘው ለዘራቸው እንዳወረሱት ይነገራል። ደንቡም ቄሮ ይባል ነበር።

ቄሮ እንዲህ ነው። ጓሳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ አባወራው ሁሉ ተራ ገብቶ ይጠብቃል፤ ተራውን ያጓደለና ተደብቆ ያጨደ ይቀጣል። ሣሩ ጠና ሲባል በበጋው፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይከፈታል። ያን ጊዜ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነውን ሁሉም እንደ ድርሻው ይወስዳል። ክረምቱ ሲገባ፣ ለሐምሌ አቦ፣ ተመልሶ ይዘጋል። ቤተ ክርስቲያንም በነገሩ ስላለችበት ሰው ከቅጣቱ ይልቅ እግዜርን ይፈራ ነበር።

ይሁን እንጂ እውነቱን መሸሸግ አያስፈልግም። ቄሮ ለሁሉም እኩል አልነበረም። መብቱ ከርስት ጋር የተያያዘ ስለሆነ የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ ሰው ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ርስቱ ሲቀር ቄሮውም አብሮ ቀረ። አባ ቄራው ሥልጣን አጣ። ሣሩ ሳይጠና ይታጨድ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ይቆረጥ ጀመር። ሁሉም ባለቤት ሲሆን ጠባቂ ጠፋ።

የኋላ ኋላ ነገሩ ያሳሰባቸው ገበሬዎች በየገበሬ ማኅበራቸው ተመራርጠው የጓሳ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታትም ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ታወቀ። በዚህ ምክንያት ቀይ ቀበሮ ዛሬም አይጧን እያደነ ይኖርበታል። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ በአገራችንም ያለው ለአካለ መጠን የደረሰው ሁሉ ተቆጥሮ 500 አይሞላም። ከጓሳ የሚነሡት ምንጮችም ገሚሶቹ ወደ ዓባይ፣ ገሚሶቹ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። አባቶቻችን ጓሳን የጠበቁት ቀበሮውን ወደው አይደለም፤ ቤታቸው እንዳያፈስ ነው። ዛሬ ቤታችን ቆርቆሮ ሆኗል፤ ገመዱም ከሱቅ ይገዛል። ሣሩ ካላስፈለገን ተራ ወጥቶ የሚጠብቅ ከየት ይመጣል? እንግዲህ ለውኃው፣ ለከብቱ የክፉ ቀን ግጦሽና ለልጆቻችን ስንል መጠበቅን መልመድ አለብን።

ይህ ደግሞ ለዕድርተኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥሩንባ ሲነፋ እንወጣለን፤ የቀረ መቀጮ ይከፍላል፤ ተራው የደረሰው ድንኳን ይተክላል። ይህን ሁሉ ስናደርግ ወታደር ቆሞብን አያውቅም። ቄሮም እንዲሁ ነበር፤ ጉድለቱ አንዱን አስገብቶ ሌላውን ማስቀረቱና በወረቀት አለመስፈሩ ነው። እኔ ዕድሜዬን መዝገብ ስይዝ የጨረስሁ ሰው ነኝና ያልተጻፈ ደንብ የተናጋሪውን ዕድሜ ያህል ብቻ እንደሚቆይ አውቃለሁ።

ስለዚህ ከመንዝ ጌራ ዘመድ ያላችሁ፣ ቄሮን ያዩ ሽማግሌዎች ሳያልፉብን ጠይቃችሁ የነገሯችሁን ለዕድሩ ጸሐፊ አምጡ። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ እንዲወጣ ያድርገን። እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይጠብቅልን።