የይፋት ግመልና የባሮ መርከብ፤ ስለ ጠፉ የንግድ መንገዶች ናፍቆት

ከሸዋ ሮቢት ከተማ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው፥ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ሁሉ ወደ በረሃው ሲሄዱ ያያል። የሮቢም የጀውሃም ውሃ መድረሻው አዋሽ ነው፤ አዋሽም ራሱ ብዙ አገር አቋርጦ አቤ ከሚባለው ሐይቅ ገብቶ ይቀራል እንጂ ከባሕር አይደርስም። ስለዚህ የይፋት ቆላ ከታጁራ ወደብ ጋራ ለረዥም ዘመን ሲነግድ የኖረ አገር ሲሆን፥ መርከብ የሚያስኬድ ወንዝ ግን አልነበረውም። ዐረቦች ግመልን የበረሃ መርከብ ብለው መጥራታቸው የታወቀ ነው፤ ለይፋት ሰው ይህ ስም ቅኔ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነበረ።

በአገራችን ወንዝ ላይ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በእውነት ሲመላለስ የኖረው ግን በምዕራብ በኩል በባሮ ላይ ነው። የጋምቤላን የቀድሞ መርከቦች እያነሡ ተመልሰው ባየናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ። በይፋትም ስለ አንኮበርና ስለ አልዩ አምባ ገበያ የቀድሞ ክብር ሲወራ የሚሰማው ናፍቆት ከዚሁ ጋራ አንድ ዓይነት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሁለቱን አስተያይቶ፥ የሚናፈቀው ነገር በእርግጥ ምን እንደ ሆነና ይመለስ ሲባልም ምን ሊመለስ እንደሚገባ መመርመር ነው።

ይፋት ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ነገሥታት የገዙት አገር እንደ ነበረ ይታወቃል። በ19ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ አንኮበር ስትሆን፥ ከእርሷ በታች በቆላው አፋፍ ያለችው አልዩ አምባ የነጋዴዎች ከተማ ነበረች። አርጎባው፥ አፋሩ፥ ሐረሬውና አማራው በገበያዋ ይገናኙ ነበር። የቆላውንም በር የሚጠብቀው ሹም ወላስማ በሚለው ጥንታዊ ስም ይጠራ ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ የሸዋ መግቢያ ከነበረችው ከፋሬ ለመድረስ ስድስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋራ የንግድ ውል የተዋዋለውም በዚሁ መንገድ መጥቶ ነው።

በዚህ መንገድ ከአሳል ሐይቅ የተጫነው ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከእነርሱ ጋራ ግን ሰውም ይወርድ ነበር። ከአልዩ አምባ አጠገብ ያለው የአብዱል ረሱል ገበያ ባሪያ የሚሸጥበት ስፍራ ነበረ። የይፋትን ንግድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ገበያ ቢዘል፥ የግመሉን ጭነት ግማሹን አራግፎ መቍጠሩ ነው።

መንገዱ የሞተው በአንድ ቀን አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሬምቦ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ አራት ወር ከሚጠጋ ጉዞ በኋላ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ፥ ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ አዛውረው ነበር። ገዢው ከሄደ ነጋዴውም ይከተላል። በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፥ የባሕሩ ንግድ ይፋትን በስተ ሰሜን ትቶት አለፈ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የኢጣልያ ወረራ ዘመን ጣርማ በርን በዋሻ በስቶ ወደ ደሴ የሚሄደው የመኪና መንገድ ሲሠራ፥ ሸዋ ሮቢት በጐዳናው ላይ ተገኘች፤ አልዩ አምባ ግን ከጐዳናው ውጭ ቀረች። እንግዲህ በአንዱ ይፋት ውስጥ አንዲቱን ከተማ ያነሣት መንገድ ሌላይቱን አስረሳት ማለት ነው።

ባቡር የሚለው ቃላችንም ሊታሰብ የሚገባው ነው። ምንጩ በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት ሲሆን፥ በዐረቦች ወደቦች የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ ሆኖ ይነገር ነበር። እኛ ግን በሐዲድ ለሚሄደው፥ ለእህል ወፍጮውም ሰጠነው። መርከቡ ያልደረሰበት አገር የመርከቡን ስም ተቀብሎ በየብስ አስኬደው።

በምዕራብ በኩል ነገሩ ሌላ ነበር። ዐጤ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፥ በባሮ ዳር በኢታንግ አቅራቢያ ርዝመቱ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፥ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል በውሉ ተጽፏል። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ፤ መርከቦቹም ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት እየመጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፉ፥ ቡና፥ ቆዳና ሰም ይጭኑ ነበር። ቡናውን ከጎሬና ከሳዮ እስከ ወደቡ ያደረሰው ግን የበቅሎ ጀርባና የተሸካሚ ትከሻ ነው። መርከቡም የሚመጣው ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር፤ በጋ ሲገባ ውሃው ስለሚጐድል ወደቡ ክረምትን ይጠብቃል።

ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ የውሉ ዘመን አበቃ፤ ጋምቤላም በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። መሬቱ ሲመለስ የመርከቡ ንግድ ግን እየቀነሰ ሄደ። የምዕራቡ ቡና በመኪና ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም በባቡር ወደ ባሕር መሄድ ጀምሮ ነበርና፥ የጥቂት ወራት ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራ መንገድ ጋራ ሊወዳደር አልቻለም። የይፋትን ግመል ያሸነፈው ሐዲድ የባሮንም መርከብ በሩቁ ካሸነፉት አንዱ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ናፍቆት የመርከቡን ፉጨት አስታውሶ የተሸካሚውን ትከሻ፥ የግመሉን ቃጭል አስታውሶ በገመድ ታስሮ የሚከተለውን ሰው ሊረሳ የሚችል መሆኑን ነው። የጋምቤላ ወደብ ብልጽግና በሌላ መንግሥት እጅ በነበረ መሬት ላይ የታየ ብልጽግና ነው። ይህን ማለት ግን ናፍቆቱ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሰው የሚናፍቀው ብረቱን ሳይሆን ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች በአንድ ገበያ ተገናኝተው የሚተዋወቁበትን ዘመን ከሆነ፥ ናፍቆቱ ለታሪክ ተመራማሪ ትልቅ መሪ ነው።

ስለ ማደስም አንድ ምሳሌ ከካርቱም እናገኛለን። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን ጦርነት የተዋጋችው መሊክ የምትባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከዘመቻ ካረፈች በኋላ በጥቁር ዓባይ ዳር ለብዙ ዘመን የጀልበኞች ክበብ ቤት ሆና አገልግላለች። ብረቷ በዚህ ምክንያት ከመፍረስ ዳነ። ነገር ግን በመርከቡ ሰገነት ላይ ተቀምጦ የሚዝናና ሰው በመድፉ ፊት የወደቁትን ያስባል ብሎ ማን ይመሰክራል? አካሉ ሲድን ታሪኩ አብሮ ይድናል ማለት አይቻልም።

ስለዚህ በባሮ ላይ መርከብ እንደገና እንዲሄድ የሚመኙ ሁሉ ምኞታቸው የሚያስመሰግን ሲሆን፥ የወንዙን ጠባይ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል፤ በጋ የሚያግደው መርከብ ለጐብኚ ደስታ ይበቃ እንደ ሆነ እንጂ የአገር ንግድ አይሸከምም። ከመርከቡ በፊት ግን የማይዘገይ ሥራ አለ። በጋምቤላ ወደብ ዳር ያደጉት አኙዋና ኑዌር ሽማግሌዎች፥ አባቶቻቸው ከጎሬ ቡና የተሸከሙ ሰዎች፥ በይፋትም የግመል ጭነት ሥርዓት ከአባቶቻቸው የሰሙት አርጎባና አፋር፥ እያንዳንዳቸው በገዛ ቋንቋቸው የሚያውቁትን ሊናገሩና ቃላቸው ሊጻፍ ይገባል። በአልዩ አምባ ስለ ንግዱ ክብር ምልክት የሚቆም ከሆነ፥ በአብዱል ረሱልም ስለ ተሸጡት ሰዎች ምልክት ይቁም።

ብረት ዝጎ እንኳ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ግመልም ዛሬ በቆላው አልጠፋም። ቶሎ የሚያልፈው የሚያስታውሰው ሰው ነው፤ እድሳቱም ከእርሱ ቢጀምር የተገባ ይሆናል።