«የስሜት ቸልተኝነት» ምን ማለት ነው?

ለአእምሮ ሕክምና የሚመጡ ወጣቶች በልጅነታቸው በደል ደርሶባቸው እንደሆነ በሚጠየቁበት ቅጽ ላይ «የስሜት ቸልተኝነት» እና «የአካል ቸልተኝነት» የሚሉ፣ ከእንግሊዝኛው emotional neglect እና physical neglect የተተረጎሙ ሐረጎች እየተለመዱ ነው። ሥር ሳይሰድዱ በፊት ሊታረሙ ይገባል።

ከአዴት ገጠር ወደ ባሕር ዳር የመጣ የ15 ዓመት እረኛ «ቸልተኝነት ደርሶብሃል?» ቢባል፣ «ኧረ እኔ ቸልተኛ አይደለሁም፤ የሰው እህል አስበልቼ አላውቅም» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። በአማርኛ ቸልተኝነት የአድራጊው ጠባይ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 59 ቃሉን የሚያውለው ለአጥፊው ነው። የተበደለው ልጅ በቃሉ ውስጥ የለም። «የስሜት» ሲጨመርበትማ ቸልተኛው ስሜቱ ራሱ ይመስላል!

«መጎሳቆል» የሚሉ አሉ። ደህና ቃል ነው፤ ዱላውንም ረኀቡንም ይይዛል። ግን ጉስቁልና ከሰውነት ላይ የሚታይ ነገር ነው። ጠግቦ፣ ለብሶ፣ አይዞህ ባይ አጥቶ ያደገውን ልጅ አያገኘውም። «የእንክብካቤ እጦት» ይቀርባል፤ ሆኖም «አጣ» ማለት በእኛ ዘንድ ደኸየም ማለት ነው። በክረምት ልጇን በአንድ ቡትቶ የምታሳድግ የይልማና ዴንሳ እናት፣ ከአፏ ነጥቃ እያጎረሰችው፣ በዳይ ተብላ ልትመዘገብ ነው።

እኔ የምመርጠው «አሳቢ ማጣት» የሚለውን ነው። አገሩ ሁሉ «አሳቢ የሌለው ልጅ» ይላል፤ ማንም አስተርጓሚ አይፈልግም። ድሃዋ እናት አሳቢ ናት። ዘመድ ቤት ተሰጥቶ ከጥጆች ጋር የሚያድረው ልጅ ግን፣ ቤቱ ባለጎተራ ቢሆንም፣ አሳቢ የለውም።

ቃሉ በደሉ ከሚለካበት መሣሪያ ጋርም ይገጥማል። ዴቪድ በርንስታይንና ባልደረቦቹ ያዘጋጁት የታወቀው የልጅነት በደል መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው አጭር ቅጂው 28 ጥያቄዎች አሉት። 25ቱ ለአምስት ዓይነት በደል አምስት አምስት ሆነው ተደልድለዋል፤ ሦስቱ «ቤታችን እንከን አልነበረውም» ባዩን ለመለየት የገቡ ናቸው። ስለ አሳቢ ማጣት ሲጠይቅም የሚፈልገው ሰው ነው፤ ሲያስፈልግ ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው ነበረ ወይ ይላል። አማርኛው «ስትታመም የሚያሳክምህ፣ ስትቆይ የሚፈልግህ ነበረ?» ቢል ልጁ ወዲያው ይገባዋል።

በመጠይቁ የሚደረገውን ምርመራ ራሱን «ማጣራት» ማለትም ደግ አይደለም። ጉዳይ የሚያጣራ ፖሊስ ነው፤ የቤቱን ገመና ለፖሊስ የሚያወጣ ልጅ የለም። ጤና ባለሙያዎቻችን የለመዱት «ልየታ» ይበቃል፤ መለየት ገና መፍረድ አይደለም። አስታማሚ አጎቱ ከልጁ አጠገብ ቁጭ ብለው ከሆነ ግን የትኛውም ቃል አይረዳም፤ አስቀድሞ እሳቸውን በአክብሮት ውጭ እንዲጠብቁ መለመን ነው።