የወባ ምርመራ ታሪክና የጅቡቲ ተሞክሮ

በጅቡቲ ከተማ የሃያብለ ሰፈር ነዋሪም ሆነ የድሬዳዋ ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ጣቱን ተወግቶ ጥቂት ደም ይሰጣል፤ ከዚያም «ወባ አለብህ» ወይም «የለብህም» የሚለውን ቃል ይጠባበቃል። ይህ ቃል በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚሰጥ ማወቅ ተገቢ ነው።

ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተሕዋስ በታማሚ ደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ አየ። ጀርመናዊው ጉስታፍ ጊምሳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ተሕዋሱን ለይቶ የሚያሳይ ቀለም አዘጋጀ። ቀለሙ በስሙ እየተጠራ ዛሬም በየላቦራቶሪው ያገለግላል። በዚህ ዘዴ ባለሙያው ተሕዋሱን ራሱን ያያል፤ ዓይነቱን ይለያል፤ ብዛቱን ይቆጥራል። ይሁን እንጂ ዘዴው የሠለጠነ ዓይንና በቂ ጊዜ ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቅ ያለው ፈጣን መመርመሪያ በሩብ ሰዓት ገደማ ውጤት ስለሚሰጥ ይህን ችግር አቃለለ። የሚፈልገው ግን ተሕዋሱ የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው። በአፍሪካ በብዛት የተሠራጨው ዓይነት ኤችአርፒ2 የተባለውን የፋልሲፓረም ፕሮቲን ይጠቁማል።

እ.ኤ.አ. በ2012 አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች ከእስያ የመጣች ትንኝ በጅቡቲ ከተማ ተገኘች። ይህች ትንኝ ከተማን የለመደች፣ በበርሜልና በሮቶ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የምትራባ ናት። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተመዘገቡት የወባ ታማሚዎች 27 ብቻ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ደረሰ። ይኸው ሳያንስ ኤችአርፒ2ን የሚሠራውን ጂን ያጡ ተሕዋሳት በአካባቢው ተስፋፉ። ተሕዋሱ ፕሮቲኑን ካላመነጨ መመርመሪያው የሚያገኘው ነገር የለም፤ ታማሚውም ወባውን በደሙ ይዞ «ነፃ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተመሳሳይ ችግር የገጠማት ጎረቤት ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ2016 መመርመሪያዋን በሌላ ዓይነት ተካች።

ጉዳዩ የኢትዮጵያም ነው። ትንኟ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው ወረርሽኝም ጋር ተያይዛለች።

እንግዲህ «የለብህም» የሚለው ውጤት በትክክል ሲነበብ «የተፈለገው ምልክት አልተገኘም» ማለት ነው። ትኩሳቱ ያልለቀቀው ታማሚ ተመልሶ ሄዶ ደሙን በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ይኖርበታል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የጊምሳ ቀለም ዛሬም ከአገልግሎት ያልወጣው ስለዚህ ጭምር ነው።